«ጥንድ» ተብለው የሚሸጡ ዓሦች

ድንክ ሲክሊዶች የቆሮሶ ዘመዶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ከ10 ሳንቲ ሜትር አያልፉም። በቤት ውስጥ በአኳሪየም ለሚያረባቸው ሰው ወንዱን ከሴቷ መለየት ቅንጦት አይደለም። ሁለት ወንዶች ጠባብ ውሃ ውስጥ ከተገናኙ ደካማው ክንፉ ተቦጫጭቆ ከጥግ ጥግ ሲሸሽ ይሰነብታል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል። ያልጎለመሱ ጫጩቶችን «ጥንድ» ብሎ መሸጥ ስለዚህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ጾታቸውን በዓይን ብቻ አይቶ መማል አይቻልም።

ለመለየት የማያስቸግረው ክሪበንሲስ ነው። የዚህ የናይጄሪያና የካሜሩን ዓሣ ሴት አጠር፣ ደልደል ያለች ናት፤ ሆዷም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ነው። ወንዱ ረዘም ይላል፤ የጀርባ ክንፉ ጫፍም ይሾላል።

የአማዞኑ አፒስቶግራማ ካካቱኦይደስ ግን ያታልላል። የጎለመሰው ወንድ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፣ ሴቷ 5 ገደማ። የወንዱ የጀርባ ክንፍ የፊት እሾሆች እንደ ወፍ ጉትያ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ጅራቱም ሁለት ሹል ጫፍ ያወጣል። ሴቷ እንቁላሏን ስትጠብቅ ደማቅ ቢጫ ትሆናለች፤ የሆድ ክንፎቿ የፊት ጠርዝም ጥቁር ነው። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የሚመጣው፦ ኃይለኛ ወንድ ያለበት ውሃ ውስጥ የሚያድግ ትንሽ ወንድ ክንፉን ሳያስረዝም፣ ሴት መስሎ ይኖራል። ጉልበተኛው ሲወጣለት «ሴቷ» ጉትያ ታበቅላለች። ትንሽ የሆነ ሁሉ ሴት ነው ማለት ከቶ አያዋጣም።

በ1948 በሳይንስ የተሰየመው የኦሪኖኮው ራሚሬዚ ምልክቱን ሆዱና ጎኑ ላይ ይዟል። የሴቷ ሆድ ሮዝ ነው፤ በጎኗ ባለው ጥቁር ነጥብ ውስጥም ሰማያዊ ብልጭታዎች ጣል ጣል ብለዋል። የወንዱ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ብቻ ነው። ለውበት ተመርጠው የተራቡት ዝርያዎች ግን ይህን ሕግ ያፈርሱታል፤ ሴቶቹም ረጅም ክንፍ ያወጣሉ።

በአፒስቶግራማ ዘንድ የውሃው ሙቀት ራሱ ጾታን ይወስናል፤ ውሃው ሲሞቅ ወንዱ ይበዛል። ከአንድ እናት የወጡ ጫጩቶች ሁሉ ወንድ ሆነው ቢገኙ አይገርምም። አስተማማኙ መንገድ ስድስት ያህል ወጣቶችን ሰፊ ውሃ ውስጥ አሳድጎ መጠበቅ ነው። እንቁላል መጣያው ጊዜ ሲደርስ ከሆዳቸው ሥር ትንሽ ቱቦ ብቅ ትላለች፤ የወንዱ ቀጭንና ሹል፣ የሴቷ ወፍራምና ዱልዱም።