መስፍነ ሐረር ባይሞቱ ኖሮ?

«ነበር ባይሰበር» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ግን ታሪካችንን ስናወራ ከ«ነበር» መውጣት አልቻልንም። አለማየሁ ወደ እንግሊዝ ባይወሰድ፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ባይወርዱ እያልን እናመሻለን። የዘውዱ አወዳደቅ በተነሳ ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ልዑል መኮንን በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ደርግ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር» ማለቱ አይቀርም። ዛሬ ይህችን አባባል ወደ ጎን ሳንገፋት እስቲ በቁም ነገር እንመርምራት።

ልዑል መኮንን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ሁለተኛ ወንድ ልጅ ናቸው። ስማቸው የአያታቸው የራስ መኮንን ስም ነው፤ መስፍነ ሐረር የሚለው ማዕረጋቸውም ከአያታቸው ግዛት የመጣ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከልጆቻቸው ሁሉ አብልጠው ይወዷቸው እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሲሞቱ ዕድሜያቸው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነበር።

«ቢኖሩ ኖሮ» የሚሉት ሰዎች መከራከሪያ ባጭሩ ይህ ነው፦ በንጉሠ ነገሥቱና በአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን መካከል መተማመን አልነበረም። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት አልጋ ወራሹ የአማፂዎቹን መግለጫ በሬዲዮ ካነበቡ በኋላ ደግሞ፣ ተገደው ነው ቢባልም፣ ጥርጣሬው ባሰ። ልዑል መኮንን ቢኖሩ ግን አባት የሚያምኑት ወራሽ ይኖራቸው ነበር፤ ሥልጣኑን ቀስ በቀስ ያስረክቡ ነበር፤ አገሪቱም ከደም ትተርፍ ነበር።

ያምራል። ግን ሦስት ነገሮችን እንይ።

አንደኛው ሕጉ ነው። ልዑሉ ከመሞታቸው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ በፊት፣ በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የዘውድ ውርስን ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ በወንድ የዘር ሐረግ ብሎ ደንግጓል። አልጋ ወራሹ ደግሞ በ1945 ዓ.ም. ልጅ ወልደዋል፤ ልጅ ዘርዐ ያዕቆብን። በሕጉ መሠረት ልዑል መኮንን ሁለተኛ እንኳን አልነበሩም፤ ከወንድማቸውና ከወንድማቸው ልጅ ቀጥሎ ሦስተኛ ነበሩ። እሳቸውን ለማንገሥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው «ለሕዝባችን ሰጠን» ያሉትን ሕገ መንግሥት መቅደድ ነበረባቸው። ይህ ቢሆን ደግሞ በሁለት ወንድማማቾች ዙሪያ የሚሰለፍ መኳንንት፣ የሚከፈል ሠራዊት ይመጣ ነበር። የወንድማማች የዙፋን ሽኩቻ ምን እንደሚመስል ከታሪካችን የምንማረው አዲስ ነገር የለም።

ሁለተኛው ታኅሣሥ 1953 ነው። እነ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ገርማሜ ነዋይ የተነሱት የወራሽ ጥያቄ አንገብግቧቸው አይደለም። የገበሬው ድህነትና የአገሪቱ ኋላ መቅረት ነው ያነሱት። ያ ሁሉ ባለበት የልዑሉ መኖር ምን ይቀይር ነበር? ምናልባትም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከነ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ጋር ታግተው ከተገደሉት አንዱ ይሆኑ ነበር። በአባታቸው ዘንድ የተወደደ መሆን በዚያ ቀን ከለላ አልነበረም፤ አደጋ ነበር።

ሦስተኛው 1965 እና 1966 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ የተቃራኒ ወገን ሐሳብ እውነትም ክብደት እንዳለው አምናለሁ። በጥር 1965 አልጋ ወራሹ በጠና ታመው ለሕክምና ወደ አውሮፓ ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ወሎ ላይ ሕዝብ በረሃብ ያልቃል። በሚያዝያ 1966 ወራሽ ተብሎ የተሰየመው በእንግሊዝ አገር ተማሪ የነበረው ልጅ ዘርዐ ያዕቆብ ነበር። በዚያች ሰዓት በሃምሳ ዓመት አካባቢ ያለ፣ አገር ቤት የተቀመጠ ልዑል ቢኖር አንድ ነገር መሞከር ይቻል ነበር። የንጉሡን ሥልጣን የሚገድብ አዲስ ሕገ መንግሥት እየተረቀቀ ነበር። ደርግ እንኳን መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ሲያወርድ ዘውዱን ወዲያው አላፈረሰም፤ በውጭ ያሉትን አስፋ ወሰንን ንጉሥ ይሆናሉ ብሎ ነበር ያወጀው። ዘውዱ የቀረው በመጋቢት 1967 ነው። በሩ ለጥቂት ወራት ገርበብ ብሎ ነበር።

ግን በዚያ በር የሚገባው ሰው ምን ይዞ ይገባ ነበር? ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ቀርቦ፣ ባለመሬቶች በሞሉበት ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። ልዑል መኮንን ይህን ያስጸድቁ እንደነበር የሚያሳይ ነገር ማንም አላቀረበልኝም። የምንናፍቃቸው ስለሠሩት ሳይሆን ለመሥራት ጊዜ ስላላገኙ ነው። በወጣትነቱ የሞተ ሰው ስህተት አይሠራም፤ እኛም ያሻንን ተስፋ እንጭንበታለን።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን የልዑሉ ሞት ብቻ አይደለም። ከግንቦት 1949 እስከ መስከረም 1967 ድረስ አሥራ ሰባት ዓመት አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወራሽ ነበረ፣ ምክር ቤት ነበረ፣ የተማሩ ሚኒስትሮች ነበሩ። የጠፋው ሥልጣንን በእጅ እያለ ለማካፈል የሚፈቅድ ልብ ነው። ፓርቲ እንዳይቋቋም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለንጉሡ ብቻ እንዲጠየቅ ያደረገው የመኪና አደጋ አይደለም። ልዑሉ ቢተርፉም ያው አባት፣ ያው ችሎት፣ ያው ደጅ ጥናት ይጠብቃቸው ነበር።

ይህ የዘውዱ ዘመን ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ቅርብ ልመልሰው። በ2004 ክረምት አገሪቱ ለሳምንታት «ጠቅላይ ሚኒስትሩ የት ናቸው?» እያለች ስትጠይቅ ከረመች። አቶ መለስ ነሐሴ 14 ቀን አረፉ፤ ተተኪያቸው የማሉት መስከረም 11 ቀን 2005 ነው። ከዚያ በኋላ ለተፈጠረው ቀውስ ሁሉ «እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ» ሲባል ሰምተናል። ስሙ ተቀየረ እንጂ ዓረፍተ ነገሩ ያው ነው። ዘውድ ወድቆ፣ ሪፐብሊክ መጥቶ፣ ፓርቲ በፓርቲ ሆነን፣ አሁንም የአገር ዕጣ ባንድ ሰው እስትንፋስ ላይ እንደተንጠለጠለ እናስባለን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «መስፍነ ሐረር ቢኖሩ ኖሮ» የሚል ወዳጅ ሲገጥመኝ አልከራከረውም። አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቀዋለሁ፦ አንድ ሰው በመንገድ ላይ ስለሞተ የሚፈርስ መንግሥት፣ ያ ሰው ቢተርፍ ስንት ዓመት ይቆም ነበር?

እናንተስ ምን ትላላችሁ?