የልብ ውጋትና ዕድሜ

የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ሁላችን ሰምተናል። እንሰት፣ ቡናና ዛፍ በአንድነት የሚበቅሉበት ያ ተዳፋት ግን ለነዋሪው ሌላም አገልግሎት አለው፤ ይኸውም የልብ መርማሪ መሆኑ ነው።

ከዲላ ገበያ ሲመለሱ አቀበቱን የሚወጡ አንድ የ55 ዓመት አባት ከመንገድ ቆመው ደረታቸውን ያዙ እንበል። ልጃቸው «አባባ፣ ምን ነካዎት?» ቢል፣ «ብርድ ነው ልጄ፣ አሁን ይለቀኛል» ይላሉ። እውነትም ጥቂት ሲያርፉ ይለቃቸዋል፤ ስለ ለቀቃቸውም ይረሱታል። አደጋው ያለው በዚሁ በመርሳት ነው።

ልብን ራሱን የሚመግቡት የደም ሥሮች ሲጠቡ፣ ልብ በድካም ጊዜ የሚበቃውን ደም አያገኝምና ደረት ይጨመቃል፤ ሕመሙም ወደ ክንድ፣ ወደ አንገትና ወደ መንጋጋ ሊዘልቅ ይችላል። ሲያርፉ ግን በጥቂት ደቂቃ ይተዋል።

ሥጋቱ በየዕድሜው ልዩ ልዩ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች የሚያሠጋው የደም ሥር መጥበብ ሳይሆን፣ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ትኩሳትና ቁርጥማት አስከትሎ የልብን በሮች ማበላሸቱ ነው። በወጣት ላይ ውጋቱ ብርቅ ነው፤ ሆኖም ትምባሆ የሚያጨስ፣ የደም ብዛት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት፣ አባቱም ከ55 ዓመት በፊት በልብ ሕመም የተያዘበት ወጣት ሊዘናጋ አይገባም። በወንዶች ከ45፣ በሴቶች ከ55 ዓመት ወዲህ ሥጋቱ ይጨምራል። አረጋውያን፣ ሴቶችና የስኳር ሕሙማን ደግሞ ውጋት ሳይሰማቸው ትንፋሽ ማጠርና ያልተለመደ ድካም ብቻ ሊሰማቸው ስለሚችል፣ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ።

እንግዲህ በአቀበት የሚመጣ፣ በዕረፍት የሚለቅ ሕመም ያየ ቤተ ሰብ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ያማክር፤ በዲላም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ። በዕረፍት ሳለ የጀመረ ወይም 15 ደቂቃ ቆይቶ ያልለቀቀ ሕመም ግን ንጋትን አያስጠብቅም። መድኃኒት የታዘዘለትም ሰው ጾም ሲገባ በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ፤ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

አባትህ ዳግመኛ በአቀበቱ ላይ ቆመው «ብርድ ነው» ቢሉህ፣ ልጅ ሆይ፣ እሺ ብለህ አትለፍ።