ርካሽ መኖ፣ ውድ እንቁላል

እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የሚያረቡ ወገኖች መኖ ሲገዙ አስቀድመው የሚጠይቁት የኩንታሉን ዋጋ ነው። ነጋዴውም ይህንኑ ስለሚያውቅ በቆሎውን ቀንሶ ፉርሽካውን በማብዛት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ያቀርባል። ገዢው አተረፍኩ ብሎ ይሄዳል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው።

አንድ ኪሎ በቆሎ ለዶሮ 3,300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ኃይል ሲሰጥ፣ የስንዴ ፉርሽካ የሚሰጠው 1,300 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ፉርሽካ በበቆሎ ግማሽ ዋጋ ቢሸጥ እንኳ፣ በሚሰጠው ኃይል ሲመዘን የሚወደደው ፉርሽካው ነው። በቀን 110 ግራም ያህል የምትበላ ጣይ ዶሮ፣ በኪሎ 2,750 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ያለው መኖ ያስፈልጋታል። ኃይሉ ሲያንስ አብዝታ በመብላት ለማካካስ ትሞክራለች፤ ከዚያ በላይ መብላት ሲያቅታት የሚቀንሰው እንቁላሉ ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው የማዕድኑ ጉዳይ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ በአንዱ ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም የሚያህል ካልሲየም አለ። ከምትበላው ውስጥ ወደ ሰውነቷ የሚገባው ግማሹ ያህል በመሆኑ፣ ዶሮዋ በየቀኑ 4 ግራም ገደማ ማግኘት አለባት። ለዚህም በኩንታል መኖ ከ8 እስከ 9 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ይበቃል። የኖራ ድንጋይ የአገር ውስጥ ምርት ነው፤ በዋጋም ከዋና ዋናዎቹ የመኖ ግብዓቶች እጅግ ርካሹ ነው። በእሱ ላይ መቆጠብ ከቢሾፍቱ አዲስ አበባ እስኪደርስ የሚሰነጠቅ እንቁላል መጫን ማለት ነው። ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ስለሆነም፣ ቀስ ብሎ የሚሟሟው ሸካራው ከደቃቁ ዱቄት ይመረጣል። (መጣል ላልጀመሩ ቄቦች ይኸው መጠን ኩላሊት ይጎዳል።)

የፕሪሚክስ ነገር ይለያል። ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ቢወጣ አያስደንቅም። በአሳማኝ ምክንያት ውድ የሆነው እሱ ብቻ ነው።

በሁዳዴ 55 ቀናት የእንቁላል ፈላጊ ሲቀንስ መኖ ማቅጠን የሚቀናቸውም አሉ። በጾም የከሳች ዶሮ ግን ለፋሲካ ገበያ፣ ዋጋው በሚያምርበት ሰሞን፣ ቶሎ አታገግምም።

መኖ አቀናባሪዎች በከረጢቱ ላይ የኃይሉንና የካልሲየሙን መጠን ሊጽፉ ይገባል። ያልተጻፈበትን አለመግዛት ደግሞ የአርቢው ፈንታ ነው፤ ለዚህ መመሪያ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገውም።