ስለ ተመልካች ፍርድ

ሰው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ነገር በልቡ ሳይመዝን ማለፍ አይሆንለትም። ከመዘነም በኋላ ዝም ማለት ስለሚያስቸግረው የደረሰበትን ፍርድ ለጎረቤቱ ያካፍላል። ይህ ከተፈጥሮ የተሰጠ ጠባይ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ የሚያስነቅፈው ሚዛኑ የተዛባ እንደ ሆነ ነው።

በዚህ ዘመን ይህ ጠባይ ጐልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ነው። ማታ አንድ ክፍል ታይቶ ሲያበቃ ጧት በመሥሪያ ቤት፣ በታክሲ ውስጥና በቡና ዙሪያ የሚነገረው ስለዚያው ነው። አንዱ «ትናንትና ምንም ነገር አልነበረበትም» ይላል፤ ሁለተኛው «አስረዘሙት እንጂ ነገሩስ ካለቀ ቈይቷል» ይላል፤ ሦስተኛዋ «ያችን ክፉ ሴት ባገኘኋት!» ብላ ትዝታለች፤ አራተኛው ደግሞ ክፍሉን ሳያየው ከሌሎቹ በሰማው ብቻ ይፈርዳል። ይህ ሁሉ ለጨዋታ የሚነገር ቀላል ቃል ይመስላል። ዳሩ ግን ቃሉ ወዴት እንደሚደርስና ምን እንደሚሠራ ስንመረምር ቀላል ሆኖ አናገኘውም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሕዝባችን የለመደው ቴአትር በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን የሚፈጸም ነበር። ተመልካቹ የበዳዩን መነሻና መድረሻ፣ የተበዳዩን ዕንባና ካሣ አይቶ ከአዳራሹ ይወጣል፤ ፍርዱንም የሚሰጠው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ተከታታይ ድራማ ግን ነገሩን ከፋፍሎ በየሳምንቱ ወይም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ስለሚያቀርብ፣ ተመልካቹ ገና መንገድ ላይ ባለ ነገር እንዲፈርድ ዘወትር ይፈተናል። ደራሲውም ተመልካቹ እንዲመለስለት ብሎ እያንዳንዱን ክፍል ልብ በሚያንጠለጥል ቦታ ላይ ያቆመዋል። «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በማርች 1980፣ ዋናው ሰው በጥይት ሲመታ አሳይቶ ተኳሹን ሳይገልጽ ቆመ። ተኳሹ የታወቀው በኖቬምበር ነበር። በእነዚያ ስምንት ወራት ሰው ሁሉ «እገሌ ነው፤ የለም፣ እገሊት ናት» ሲል ከረመ፤ መልሱ በተሰጠበት ምሽትም በአሜሪካ ብቻ ከ80 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተመለከተው። እንዲህ ያለው ግምት ማንንም የማይጎዳ ጨዋታ ነው። ግምቱ ወደ ፍርድ ሲለወጥ ግን ሌላ መልክ ይይዛል።

ስለ ፍርድ አባቶቻችን የተዉልን ሥርዓት አለ። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በተካሰሱ ጊዜ ነጠላቸውን ቋጥረው በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ዳኝነት ይጠይቁት ነበር። መንገደኛው «ሥራ አለኝ» ብሎ መሄድ ነውር ስለ ሆነበት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማል። ከሳሽ ሲናገር ተከሳሽ ተራውን ይጠብቃል፤ ተከሳሽም ሲመልስ ከሳሽ ያዳምጣል፤ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ራሱ መነቀፉ አይቀርም። በታላቁ ችሎት ደግሞ አስተያየት መስጠት የሚጀመረው ከታናሹ ነበር፤ ታላቁ በመጨረሻ ይናገራል። ይህም የሆነበት ምክንያት የታላቁ ቃል የታናሹን ሐሳብ እንዳይጫነው ነው። የዛሬው ተመልካች እንደዚያ መንገደኛ ሳይሾም ዳኛ ሆኗል። ሥልጣኑን አግኝቷል፤ የቀረው ሥርዓቱን መማር ነው። ሥርዓቱ ባለመኖሩም ሦስት ጉድለቶች ይታያሉ።

የመጀመሪያው ጉድለት ሳይሰሙ መፍረድ ነው። ቃና የተባለው ጣቢያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቱርክንና የሌሎችን አገሮች ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየመለሰ አቀረበ። ብዙ ቤተ ሰብ ወደደው፤ ከአገራችን የጥበብ ሰዎች መካከል ግን ገበያችን ይወሰዳል ብለው ቅሬታቸውን ያሰሙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ የአገሩን ድራማ ከውጭው ጋራ እያስተያየ መናገር ልማዱ ሆኗል። ማስተያየት መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚተያዩት ነገሮች እንዴት እንደ ተሠሩ ማወቅን ይጠይቃል። የቱርክ ድራማ በገዛ አገሩ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚታይ ሲሆን አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለውጭ አገር ሲሸጥ ግን አንዱ ክፍል እየተቈረጠ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል። እንግዲህ «ዛሬ ምንም አልነበረበትም» የሚለው ሰው ያየው የክፍሉን ሲሶ ሊሆን ይችላል፤ ቈራጩ ያጐደለውንም በደራሲው ላይ ይቈጥርበታል።

ደግሞም ያ ድራማ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ስለ ሆነ፣ የእኛ ምስጋናም ሆነ ነቀፌታ አንዲት ቃል አይለውጥበትም። የአገራችን ደራሲ ግን የዛሬው ክፍል ሲታይ የሚመጣውን ገና በመጻፍ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ወጪው የሚሸፈነውም ማስታወቂያ ከሚሰጡ ነጋዴዎች ገንዘብ ስለ ሆነ፣ በየመንገዱ የተነገረው ቃል ከነጋዴው ጆሮ ይደርሳል። ነጋዴው ገንዘቡን ሲይዝ ተዋናዩ ይበተናል፤ የተጀመረውም ነገር ሳይፈጸም ይቀራል። ሳናስብ የወረወርነው ድንጋይ የሚያርፈው ከባሕር ማዶ ባለው ሀብታም ላይ ሳይሆን በገዛ ወንድማችን ላይ ነው ማለት ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ያን ጊዜ ቃሉን መልሰን እንሰብስበው ብንል አይቻልም።

ሁለተኛው ጉድለት ተዋናዩንና የተጫወተውን ሰው አለመለየት ነው። «ሰው ለሰው» የተባለው ድራማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ዘመን፣ አቶ አበበ ባልቻ የተጫወቱት አስናቀ የተባለው ተንኰለኛ በብዙ ቤት የታወቀና የተጠላ ሰው ሆኖ ነበር። አንድ ተዋናይ የሌለውን ሰው ፈጥሮ ይህን ያህል ካስጠላ፣ ጥላቻው ራሱ ለሥራው የተከፈለ ታላቅ ምስጋና ነው። ነገር ግን ይህ ስሜት ከመስኮቱ ወጥቶ በመንገድ የሚሄደውን ሰው ሊከተለው አይገባም። ክፉ እንጀራ እናት ሆና የተጫወተች ልጅ በገበያ መካከል ብትሰደብ፣ የሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለውን ሚና እንቢ ትላለች፤ ሁሉም ደጉን ብቻ ልጫወት ካለ ደግሞ ክፋትን ለይቶ የሚያሳየን ማን ይሆናል?

ይህ ስሕተት በእኛ ብቻ የሚታይ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 በፔሩ አገር «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» የተባለ ድራማ ተጀምሮ ነበር። ነገሩ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ስለምታገለግል፣ ፊደል ተምራና በስፌት ሥራ ራሷን ስለ ቻለች አንዲት ልጅ ነው። የልጅቱ ሠርግ በሊማ ከተማ በቤተ ክርስቲያን በሚቀረጽበት ቀን፣ 10 ሺ ያህል ሰው ለክት ልብሱን ለብሶ እንደ እውነተኛ ሠርገኛ ተሰብስቦ እንደ ነበረ ይነገራል። የዚያ አገር ሕዝብ ስሕተት ከፍቅር የተነሣ ስለ ነበረ ያስቃል፤ ከጥላቻ ሲነሣ ግን ሰውን ያቈስላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ጉድለት ከተዋናዩም ከደራሲውም አልፎ የገዛ ቤታችንን የሚነካው ነው። ድራማ በሚታይበት ክፍል ውስጥ ልጆች ተቀምጠዋል። እነርሱም ከድራማው ይልቅ የሚያዳምጡት አባትና እናት የሚሉትን ነው። በድራማው ባል ሚስቱን ሲመታት ታይቶ ከተቀመጡት ታላላቆች አንዱ «ደግ አደረገ፤ አብዝታው ነበር» ቢል፣ ደራሲው ክፋቱን ለማሳየት የደከመበት ሁሉ በዚያች ቃል ፈረሰ። ጉቦኛው ሹም ሲሳካለት «ይህ ነው ጐበዝ!» ተብሎ ቢሳቅ፣ ልጁ ያን ሳቅ እንደ ምክር ይቀበለዋል። የቤት ሠራተኛዋ ስትዋረድ ማንም ምንም ባይል፣ በጓዳ ሆና የምትሰማው የዚያው ቤት ሠራተኛ ዝምታውን እንደ ፍርድ ትቈጥረዋለች። ሰው ስለ ድራማ ሲናገር ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስለዋል እንጂ፣ በቤቱ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ ማወጁ ነው።

በዚህ ላይ «ሰው ቀኑን ሙሉ ሲደክም ውሎ ማታ ጥቂት ቢስቅና ቢያማ ምን አለበት? ይህንንም በሕግ ልታስሩት ነውን?» የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳቅም ቁጣም ከተከለከለ ድራማው ራሱ ምን ይጠቅማል? ተመልካችም ያልወደደውን «አልወደድኩትም» የማለት መብት አለው፤ ስለ ጥበብ ፍቅር ብሎ የማይረባውን እንዲያመሰግን የሚያስገድደው የለም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። በጨዋታ የተነገረ ቃል ሰውን የሚያንጽ ወይም የሚያፈርስ ከሆነ፣ ጨዋታውም ጥቂት ማስተዋል ይገባዋል እንላለን። ባለሙያ እንዲሆን የሚጠየቅ ተመልካች የለም፤ ዳኛ ከሆነ ግን እንደ ዳኛ ይስማ።

ተመልካች ከልቡ ሲናገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያስረዳ ምሳሌ በአገራችን አለ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ በ257 ክፍሎች ቀርቦ ነበር። በዚያው ዘመን በአፋን ኦሮሞ ከቀረበው «ዲምቢባ» ከተባለው ድራማ ጋራ በአንድነት ከ15 ሺ የሚበልጥ ደብዳቤ ከአድማጮች ተጽፎላቸዋል። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ወረቀት ይፈልጋል፤ የሚለውን በልቡ ያሰናዳል፤ ለማን እንደሚጽፍ ያውቃል፤ ከጻፈም በኋላ አንብቦ የማይገባውን ይሠርዛል። በዚህ መካከል ቁጣው በርዶ ሐሳቡ ይቀራል። ለደራሲ የሚጠቅመውም የቀረው ሐሳብ ነው። «ደካማ ነው» ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም፤ «ይህች ሴት ልጇን እንደምትወድ ስታሳዩን ከርማችሁ ያለ ምክንያት ጥላው ስትሄድ አላመንኋችሁም» ማለት ግን ደራሲውን ያስተምረዋል።

የተመልካቹን ጉድለት ስንናገር የሠሪዎቹን መሸፈን አይገባንም። አንዳንድ ድራማ ነገሩ ካለቀ በኋላ ለማስታወቂያ ገንዘብ ሲባል እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ የሞተው ይነሣል፤ የታረቀው ያለ ምክንያት ይጣላል። ሲጠየቁም «ሕዝቡ ይወደዋል» ብለው በሕዝቡ ያመካኛሉ። ሕዝቡን ምክንያት ማድረግ የሚችል ሕዝቡን በእውነት የሰማ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣቢያ የተመልካችን ቃል የሚቀበልበት አድራሻ፣ የተቀበለውንም መርጦ በይፋ የሚመልስበት ሰዓት ቢኖረው መልካም ነው። ደራሲውም የተባለውን ሁሉ ይፈጽም አንልም፤ በየሳምንቱ ጩኸት የሚለወጥ ነገር አንድ ሐሳብ ሊይዝ አይችልምና። ሰምቶ የሚገባውን ይቀበል፤ የማይገባውን በጽናት ይተው።

ለተመልካቹም የምናሳስበው ከባድ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ስለ አንድ ክፍል ከመናገሩ በፊት ክፍሉን ራሱን ይመልከት፤ ስለ መላው ድራማ ከመፍረዱም በፊት ፍጻሜውን ይጠብቅ። ሁለተኛ፣ ክፋት ሲሠራ ባየ ጊዜ ክፋቱን በስሙ ይጥራ፤ የተጫወተውን ሰው ግን በመልካም ሥራው ያክብር። ሦስተኛ፣ ነቀፌታውንም ምስጋናውንም ከምክንያት ጋራ ይናገር። አራተኛ፣ በቤቱ ድራማው ሲያበቃ የችሎቱን ሥርዓት ይመልስ፤ ማለትም አስቀድሞ ታናሹን ልጅ «አንተስ ምን ትላለህ? ማን በደለ? ማንስ ተበደለ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የቤቱ ታላቅ በመጨረሻ ይናገር። እንዲህ ሲደረግ አባት የልጁን ልብ ያውቃል፤ ልጁም ፍርድ ማለት ታላቅ ያለውን መድገም እንዳልሆነ ይማራል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ዛሬ በሌለ ሰው ታሪክ ላይ ታግሦ መስማትን የለመደ፣ ነገ በጎረቤቱ፣ በሥራ ባልደረባውና በትዳር ጓደኛው ላይ ወሬ ሲመጣለት «ሁለተኛውንም ወገን ልስማ» ይላል። በድራማ ላይ መቸኰልን የለመደ ደግሞ በእውነተኛው ሰው ላይም ይቸኵላል፤ በዚያ ጊዜ የሚጎዳው ሰው ሥጋና ደም ያለው ነው፤ ጉዳቱንም የሚጠግን የሚቀጥለው ሳምንት ክፍል የለም።