ጀንፈል የጫነው አይሱዙ ለምን ተገለበጠ?

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄድ መኪና እስከ ጎጀብ ድረስ ይወርዳል፤ ወንዙን እንደተሻገረ ደግሞ የካፋን ዳገት ይያያዘዋል። በዚያ ጠመዝማዛ አንድ አይሱዙ ቢገለበጥ የዜናውን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም አስቀድመን እናውቀዋለን፦ ከመጠን በላይ በሆነ ፍጥነት ሲጓዝ ነበር። ይሁን። በዚያው ፍጥነት ከፊቱ ያለፉት ለምን አልተገለበጡም?

የጫነው ምን ነበር? ጀንፈል ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ነው፤ ከተፈለፈለው ጋር እኩል ኩንታል ለመሙላት ብዙ ጆንያ፣ ስለዚህም ብዙ ቁመት ይፈልጋል። የሚዛን ጣቢያው ኩንታሉን ያነባል። ቁመቱንስ ማን ያነበዋል?

ቁመቱ ለምን ይጠየቃል? በጎን እየተንሸራተተ የመጣ መኪና ጎማው ከቦይ ጠርዝ ጋር ሲላተም፣ ጠርዙ የሚገፋው በዚያችው በተነካችው ነጥብ ላይ ነው። አንድ ኃይል ባረፈበት ነጥብ ዙሪያ ቶርክ፣ ማለትም የማሽከርከር አቅም፣ የለውም። ስለዚህ መኪናው በዚያ ነጥብ ዙሪያ ይዞት የመጣው አንጉላር ሞመንተም (የመዞር ግስጋሴ) በግጭቱ ቅጽበት አይጠፋም፤ ቀጥታ ጉዞው ወደ መሽከርከር ይለወጣል። መጠኑም ክብደት ሲባዛ በፍጥነት፣ ሲባዛ በክብደት ማዕከሉ ቁመት ነው። ጎማዎቹ 1.6 ሜትር የተራራቁ፣ የክብደት ማዕከሉም ከመሬት 90 ሳንቲሜትር የሆነ መኪና በጥቅል ስሌት በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ያህል በጎን ቢላተም ይገለበጣል። ማዕከሉ ወደ 1.3 ሜትር ከፍ ካለ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ለመሆኑ የፍጥነት መገደቢያ ይገጠም እያልን ስንወተውት፣ ይህን ሦስተኛ አባዢ የት ጣልነው?

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ቦና ሰው የጫነ አይሱዙ ከገላና ድልድይ ወንዝ ገብቶ 71 ሰዎች አለቁ። ስለ መንስኤው እዚህ አልፈርድም። ግን በጭነት መኪና ላይ የቆመ ሰው የክብደት ማዕከሉ ከአስፋልቱ ሁለት ሜትር ግድም እንደሚሆን ለሹፌሩም ሆነ ለተሳፋሪው የነገረ አለ?

ከቁመቱ ሌላ ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታም አለ፤ ወደ ባጃጁ እንምጣ። ባለ ሦስት እግር ነው፤ የሚገለበጠው ከፊት ጎማ ወደ አንዱ የኋላ ጎማ በሚሄደው ሰያፍ መስመር ላይ ነው። ታዲያ ሹፌሩ ጎንና ጎኑ ሰው ሲደረድር የክብደት ማዕከሉን ወዴት እየገፋው ነው? መቆሚያው ወደሚጠብበት ወደ ፊት አይደለም? የቦንጋን ቁልቁለት እየዞረ ፍሬን ሲይዝስ? ትርፍ ሰው ሲጫን ስንት እንደሆነ ይቆጠራል፤ የተቀመጠበትን ቦታስ ማን ቆጥሮት ያውቃል? ተማሪውስ ይህን የት ይማረው? አንጉላር ሞመንተም ሲባል የሚመጣለት ምሳሌ በበረዶ ላይ እጇን ሰብስባ የምትሾር ሴት ናት። ካፋ ውስጥ በበረዶ ላይ የሾረ ማን ነው? ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባጃጅ ቆሞ የለም ወይ?

ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን የአደጋው ንድፍ፣ ፕላኑ ነው። አይሱዙ የባጃጅን የኋላ ማዕዘን ቢነካ፣ ምቱ ከክብደት ማዕከሉ ርቆ ስላረፈ ባጃጁ መገፋት ብቻ ሳይሆን ይሽከረከራል፤ ዞሮ በተቃራኒው መስመር ሊቆም ይችላል። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ፕላን ሲያነሳ የሚያገኘው የቆመበትን ነው። መስመሩን ለቆ ነበር ለማለት ይህ ይበቃል? ጎማው አስፋልቱ ላይ የተወው ጭረት ቀጥ ያለ ነው ወይስ የታጠፈ? የተሰበረው መብራት ፍርፋሪ የፈሰሰው በየትኛው መስመር ላይ ነው? ባጃጁ የተቀጠቀጠው በየትኛው ማዕዘኑ ነው? እነዚህ ሳይለኩ መንገዱ ከተጠረገ፣ ፍርድ ቤት የቀረበው ሹፌር በምን ይሟገታል?