ቮልሷን ያዳናት ቀለሙ አይደለም

ከሰሞኑ የቮልስ እድሳት ቪዲዮ ያላየ ካለ እጁን ያውጣ። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ተጥላ ዶሮ የሚያድርባት፣ ጎማዋ የተኛ ቮልስ ትታያለች። ሙዚቃ ይገባል። ቀለም ይረጫል። ከዚያ ያቺው መኪና እንደ ሙሽራ አጊጣ ትወጣለች፤ ባለቤቷም ተደግፏት ፎቶ ይነሳል። አስተያየት ሰጪው ሁሉ «አዳንካት!» ይላል።

እኔ የምለው፦ ያዳናት እሱ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ደሞ መኪናዋም አልዳነችም።

ይህን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። በምህንድስና ተመርቄ ሶፍትዌር የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ለዓመታት ቆማ የከረመች የ1968 ሞዴል ቮልስም አለችኝ። ከደላላ ስገዛት ሊብሬዋ ንጹሕ ነበር፤ ወለሏ ግን ወንፊት። ስለዚህ ቅናት ነው እንዳትሉኝ።

ከቀለሙ እንጀምር። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የባትሪው አሲድና ባረጀ የመስኮት ላስቲክ የሚሰርገው ውሃ ተባብረው ወለሉን ይበሉታል። ይህን ቆርጦ አውጥቶ አዲስ ላሜራ መበየድ ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል፤ በካሜራም አያምርም። ስለዚህ ዝገቱ ላይ ስቱኮ ይለጠፋል፣ በላዩ ቀለም ይረጫል። ሁለት ክረምት ሳይሞላ ዝገቱ ከሥር አረፋ እየሠራ ብቅ ይላል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የነዳጁ ነገር ነው። የቮልስ ታንክ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። ነዳጁ በሆዷ ሥር በብረት ቱቦ ተጉዞ የመጨረሻዋን አጭር መንገድ በጎማ ቱቦ ያልፋል። ይህ ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ነዳጁም በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ቮልስ በእሳት የምትበላበት የታወቀው መንገድ ይሄ ነው። የቱቦው ዋጋ ከቀለሙ ጋር ሲተያይ የሻይ ነው። ግን ለቀለም ሳይከራከር የሚከፍለው ሰው፣ ሜካኒኩ «ቱቦውና ፍሬኑ ይቅደም» ሲለው የእጅ ዋጋ ያበዛበት ይመስለዋል።

ቀጥሎ የ«ኦሪጅናል» አምላኪዎች አሉ። ለእነሱ እድሳት ማለት መኪናዋን ከፋብሪካ እንደወጣች መመለስ ነው፤ እዚህ አገር የተነካ ነገር ሁሉ «ጥገና ጥገና የሚሸት» ነው። እስቲ በቁጥር እንነጋገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። የቮልስ አገር ቮልፍስቡርግ 100 ሜትር እንኳ አትሞላም። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር ደግሞ ኮምፒውተር የለውም፤ አየሩ ሳሳ ብሎ ነዳጁን በልኩ አይቀንስም። ስለዚህ የፋብሪካው ልክ እዚህ ነዳጅ ይበዛዋል፦ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበቷ ይወርዳል። የድሮ ሜካኒኮች ይህን ስለሚያውቁ ነዳጅ የሚያልፍባትን ትንሿን ባለቀዳዳ ነሐስ በጠበበች ቀይረዋታል። የኛ ኦሪጅናል አፍቃሪ አዲስ ካርቡራተር ከውጭ ያስመጣል፣ የፋብሪካውን ልክ ይመልሳል፣ ከዚያ «ምን ሆና ነው ዳገት የማትወጣው?» ይላል። በኛ ሙያ ለሌላ ሰርቨር የተጻፈን መመሪያ እንዳለ ገልብጦ ሲስተሙን የሚጥል ሰው አለ አይደል? እሱ ነው።

የኔን መኪና የሠሩልኝ ሜካኒክ መመሪያ መጽሐፏን አይተው አያውቁም። ባልቦላ ሲያስተካክሉ ግን «ሦስተኛዋን ደጋግመህ እያት፣ ሁልጊዜ የምትታመመው እሷ ናት» አሉኝ። ቤት ገብቼ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ዘመን ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ሦስተኛው ሲሊንደር አየር የሚያገኝበት መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል።

«ጋሼ፣ ይሄን ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ከሷ ነዋ!»

መኪናዋን ያዳናት ይሄ እውቀት ነው። ስለ ቮልስና ስለ ኢትዮጵያ ስናወራ ሁሌም የምንጠቅሰው አንድ ቀን ነው፦ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን የተወሰዱበት። ደግ፣ ታሪክ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ እነዚህን መኪኖች መንገድ ላይ ያቆያቸው ማን ነው? ያረጀ ዕቃ በቶርኖ እያስቀረጸ፣ የአንዷን አውጥቶ ለሌላዋ እየገጠመ ያኖራቸው ማን ነው? ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ ቮልስ በ2003 (በፈረንጅ) ከፋብሪካ ወጥታለች። የኛ ግን ዛሬም ትሄዳለች። ቪዲዮው ላይ ግን እኚህ ሰው የሚታዩት ጀርባቸው ብቻ ነው፣ ያውም ከታዩ።

«ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ ቆራርጠህ ሽጣት» የሚሉኝም አሉ። እውነት አላቸው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ቮልስም ኤርባግ የላትም፣ ትጨሳለች፣ ትጮኻለች። እኔ ከአዲሱ መኪና ትበልጣለች አላልኩም። የምለው ሌላ ነው፦ አዲሱም መኪና ያረጃል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገን ይኸው ልማድ ነው፤ የማያውቁትን ማሽን ከፍቶ፣ ሰምቶ፣ ለዚህ አገር አየርና መንገድ ማስማማት። ይህን ልማድ ዛሬ ከጣልነው ነገ ከየትም አናስመጣውም። የኔ ሜካኒክ ጋ አሁን ሙያ የሚማር ልጅ የለም።

እኛ ደግሞ መጻፍ የምንችል ሰዎች ነን። ሰነድ የሌለው ኮድ ጸሐፊው ሥራ ሲለቅ ምን እንደሚሆን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ማንም ሊነካው ይፈራል፣ በመጨረሻ ይጣላል። በቮልስ ላይ እያየን ያለነው ይሄንኑ ነው። እኔ ለእያንዳንዱ ጥገና ማስታወሻ በአማርኛ እይዛለሁ፦ ምን ተቀየረ፣ በስንት ልክ፣ ለምን፣ ማን ሠራው። ባልቦላ በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ዘይት 2.5 ሊትር፣ ጂግለሩ ከፋብሪካው የጠበበ፣ የሠሩት እሳቸው። ስማቸውን የጻፍኩት አስፈቅጄ ነው።

የቆመች ቮልስ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ቅደም ተከተሉ ይሄ ይሁን። መጀመሪያ ፍሬንና የነዳጅ ቱቦ። ቀጥሎ ወለል። ቀለም መጨረሻ፣ ገንዘብ ከተረፈ። የእጅ ዋጋ ላይ አትከራከሩ። ጋራዥ ስትሄዱ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ «ይሄን ለምን እንዲህ አደረጉት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉ። ቪዲዮውን ስትለጥፉም «አዳንኳት» የሚለውን ተዉትና የሠሯትን ሰው ስም አስፈቅዳችሁ አስቀድሙ።