ቤትን «ቢት» የሚያደርግ ውፍረት

ሐራም ይሁን መርሳ፣ ወልድያም ይሁን አዲስ አበባ፣ ታፔላ የሚያሠራ ሰው ጥያቄው ያው ነው፤ «ወፈር ያለ፣ ክብ ክብ ያለ፣ ዘመናዊ ፊደል ይሁንልኝ»። ጥያቄው ተገቢ ነው። ታፔላ የሚነበበው ከሩቅ ነው፤ ከባጃጅ ውስጥ፣ ከአይሱዙ ጋቢና። ላቲኖቹ ለዚህ መልስ ካገኙ ቆይተዋል። ጀርመናዊው ፖል ሬነር ከክብና ከቀጥታ መስመር የተዋቀረውን ፉቱራን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። የእኛስ?

የእኛ መፍትሔ ብዙ ጊዜ «ቦልድ»ን መጫን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኮምፒውተራችን ውስጥ የገባው ኒያላ የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው፤ አቢሲኒካም እንዲሁ። ስለዚህ ቦልድ ስንለው ኮምፒውተሩ ወፍራም ፊደል አያመጣም፤ ያንኑ ቀጭኑን አደልቦ ይሰጠናል። አልበቃን ሲል ደግሞ ዙሪያውን መስመር እንጨምርበታለን፣ ጫፉንም እናድቦለቡለዋለን።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ምልክት ነው። «ቢ» እግሩ ሥር አጭር ሰረዝ አለችው፤ «ቤ» እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ቀለበት። ስናደልበው የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈናል፤ ስናድቦለቡለው ሰረዟ ኳስ ትመስላለች። ሐምስና ሣልስ ተምታቱ ማለት ነው። ታፔላዎቻችን ላይ የሞላው ቃል ደግሞ «ቤት» ነው፤ ምግብ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ መድኃኒት ቤት።

«ማን ሻይ ቢት ብሎ ያነባል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቤትን ልማድ ያድነዋል። የሰው ስምን ግን ምን ያድነዋል? ሱቁ የሲና ይሁን የሴና እንግዳ ሰው በምን ይለያል? ፊደል ገና የሚቆጥር ልጅስ? ለእሱ ታፔላ መንገድ ዳር የተሰቀለ ሀሁ ነው።

ፊደላችን ለክብ ቅርጽ ባዕድ ሆኖ አይደለም። ወ፣ መ፣ ዐ፣ ፀ ድሮም ክብ ናቸው። የሚያስፈልገው የቀለበቷን መስመር ከእግሩ አቅጥኖ ቀዳዳዋን የሚያሰፋ፣ ሰረዟንም ረዘም የሚያደርግ ሠሪ ነው። ሥራው ቀላል አይደለም። ላቲን በትልቁም በትንሹም 52 ፊደል ነው፤ የእኛ 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም በእጅ መታረም አለበት። እንዲህ ያለ ድካም ገንዘብ ይፈልጋል። ፎንት በፍላሽ እየተገለበጠ በነፃ በሚዞርበት አገር ማን ይደክማል?

እስከዚያው ግን ምርጫ አለ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፤ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ በ9 ደረጃ ተዘጋጅቷል። ጫፉ ድቡልቡል ባይሆንም ውፍረቱ የእውነት ነው። ታፔላ የምታሠሩ ደግሞ ቀሪውን ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት «ቤ» እና «ቢ»ን ጎን ለጎን አሳትሙና አስፋልቱን ተሻግራችሁ እዩ። ካልተለዩ ይስተካከልልኝ በሉ።